ቀፎ የሌለበት ጉብታ

በሪሁን ቀጥ ያለ መስመር አይወድም ነበር። ቀያሽ ሆኖ ቀጥ ያለ መስመር የሚጠላ ሰው ከየት ይመጣል ትሉ ይሆናል፤ እኔም ብዬ ነበር። ምክንያቱን እስኪነግረኝ ድረስ አንድ ዓመት ሙሉ የሚያሾፍብኝ ነበር የሚመስለኝ።

እኔ ሽታዬ ነኝ። ጋምቤላ ክልል ሆና ቢሮ መክፈት ስትጀምር ከተቀጠሩት ነዳፊዎች አንዷ ነበርኩ። ቀያሾች ከመስክ ይዘውት የሚመጡትን፣ ጭቃና ላብ የነካካውን የእርሳስ ካርታ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም እገለብጣለሁ። ጠረጴዛዬ የባሮን ወንዝ በሚያሳየው መስኮት ሥር ነበር። ሙቀቱን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አይቻልም፤ ላብ ከክንዴ ወርዶ ቀለሙን እንዳያበላሽብኝ ፎጣ አጥፌ ክንዴ ሥር አነጥፋለሁ። ስህተት ቢገባም አያስደነግጥም። ቀለሙ ሲደርቅ በምላጭ ቀስ አድርጎ መፋቅ ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

አንድ መጥፎ አመል አለኝ። ካርታ ላይ ባዶ ጥግ ሳይ እጄን ይበላኛል። ያስተማሩኝ ሰውዬ "ባዶ ጥግ የሰነፍ ነዳፊ ማስታወቂያ ነው" እያሉ በማስመሪያ ጣቴን ሲገርፉኝ ነው ሙያውን የለመድኩት። ስለዚህ ባዶ ጥግ ካገኘሁ የሰሜን ቀስት እጥልበታለሁ፤ ቀስቱ ሌላ ቦታ ከሆነ ደግሞ ዛፍ ቢጤ እተክልበታለሁ። በሪሁን በዚህ ይስቅብኝ ነበር። "ሽታዬ፣ አንቺ ባለሽበት አገር ደን አይመነጠርም" ይለኛል። እኔም "አንተ ባለህበት ደግሞ መንገድ ቀንቶ አይሄድም" እለዋለሁ።

የቀጥታ መስመሩን ነገር የነገረኝ አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን ነው። የደላንታ ልጅ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሰዉን ከደጋ ሲያፈልስ፣ እሱ ገና ሃያ አምስት ዓመቱ፣ ከሰፋሪዎቹ ቀድሞ ወደ ጋምቤላ ሜዳ ተላከ። ሥራው ገመድ ዘርግቶ የጎጆ ቦታ መለካት ነበር። በየሃያ ሜትሩ አንድ ችካል፣ በየችካሉ አንድ አባወራ፣ አንድም ጎጆ ከገመዱ ዝንፍ እንዳይል። ውሃ የሚተኛበት ረባዳ ቢያጋጥም እንኳ ገመዱ በመሀሉ ያልፋል እንጂ አይዞርም፤ ትእዛዝ ነው። ዝናቡ ሲገባ ወባው አብሮ ገባ። ሰዉ ማለቅ ሲጀምር የመቃብሩንም ቦታ እሱ ነው የለካው።

"ገመዱ ያው ገመድ ነበር፤ ከመጨረሻው ጎጆ አስቀጠልኩት" አለኝ። ይህን ሲለኝ የሻይ ብርጭቆውን እንጂ እኔን አላየኝም። ከዚያ ወዲህ ማስመሪያ ሲይዝ እጁ ቢከብደው አልፈረድኩበትም።

እንግዲህ በ1988 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ቢሮአችን ገና ወንበር እየተዋሰ በሚሠራበት ጊዜ፣ ከመቲ ወዲያ በሰባቱ ጉብታዎች ላይ አዲስ ዘመናዊ ከተማ ይቆርቆር የሚል ውሳኔ ወረደ። መቲ የጎደሬ ወረዳ ከተማ ናት፤ ቡና፣ ደንና ጭጋግ። ክልላችን አንድ ይሁን እንጂ ከእኛ ከሜዳዎቹ እዚያ ለመድረስ መኪና በጎሬ፣ በማሻ፣ በቴፒ ዞሮ ሦስት ቀን ይፈጅበታል። ቢሮ ውስጥ ካለነው አብዛኞቻችን ጉብታዎቹን በዓይናችን አይተናቸው አናውቅም። ሥራው ለበሪሁን ተሰጠ።

ያን ሰሞን በሪሁንን ያየ ሰው ሙሽራ ነው የሚለው። ጢሙን ይላጫል፤ ያፏጫል፤ ደብተሩን ደረቱ ላይ አቅፎ ይዞራል። የዚህች ከተማ መንገድ ጉብታ አይወጋም ይላል። መንገዱ በእኩል ከፍታ ጉብታውን እንደ መቀነት ይዞረዋል፤ ቤቶቹ ከመንገዱ በላይና በታች እርከን እርከን ይሠራሉ፤ የላይኛው ሰው በረንዳው ላይ ሲቀመጥ የታችኛው ሰው ጣሪያ አይጋርደውም። የጉብታዎቹ አናት ደን እንደሆነ ይቀራል። ገበያው በሁለት ጉብታዎች መሀል ባለው ለጥ ያለ ቦታ ላይ ይውላል፤ የዝናቡ ውሃ በድንጋይ ቦይ እየወረደ ማንም ደጃፍ ላይ አይተኛም።

"ከተማውን የሚነድፈው ጉብታው ነው፤ እኔ ጸሐፊው ነኝ" አለኝ።

ጉረኛ አልኩት በሆዴ። በኋላ ግን ሥዕሉን ስገለብጥ ልቤ ደነገጠ፤ ወደድኩት። ከተቀጠርኩ ጀምሮ የገለበጥኩት ሁሉ አራት ማዕዘን ነበር፤ ይህ ግን መስመሩ እየተጠማዘዘ ብዕሬን ይዞኝ ይሄዳል። በዚህች ከተማ መኖር አማረኝ።

በታኅሣሥ በሪሁን መሣሪያውን ጭኖ ሄደ። መንገድ መሪ ተብሎ የተሰጠው አቤኔዘር የሚባል የአገሬው ሰው፣ መዠንግር ነው፤ ስሙን ልጅ ሳለ ሚሽኖች ናቸው ያወጡለት። ዕድሜው ከበሪሁን ትንሽ ይበልጣል። ኑሮው ማር ነው። ከግንድ የተቦረቦረ ቀፎ በጀርባው አዝሎ፣ በሐረግ ገመድ እየተሳበ፣ ቀና ብሎ ማየት አንገት የሚያሳምም ዛፍ ላይ ወጥቶ ይሰቅላል። ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ የሰቃዩ ነው፤ ልጁ ይወርሰዋል፣ ሌላ ሰው አይነካውም። ቢሮአችንም ይህንኑ መመሪያ አድርጎት ነበር፤ ባለቤቱና ሽማግሌዎቹ ሳይስማሙ ቀፎ ያለበት ዛፍ አይቆረጥም፣ በዙሪያውም ቤት አይሠራም። አዲስ ዘመን ስለነበረ የአገሬውን ቀፎ ነካ ከመባል የበለጠ ሹሞቻችን የሚፈሩት ነገር አልነበረም።

በሪሁን እያንዳንዱን ባለቀፎ ዛፍ በካርታው ላይ በትንሽ ክብ አመለከተ። ስድስቱ ጉብታዎች ክብ በክብ ሆኑ፤ መንገዱ በመሀላቸው እየተሽሎከለከለ ያልፋል። ሰባተኛው፣ በስተደቡብ ያለው ጉብታ፣ ወገቡ ላይ እንደ መዳፍ የተዘረጋ ደልዳላ ነበረው። ዛፎቹ ከሌሎቹ ጉብታዎች አይተናነሱም። ቀፎ ግን አንድም የለባቸውም።

"ይሄ የማን ነው?" ሲል አቤኔዘርን ጠየቀው።

"የማንም" አለ አቤኔዘር።

"ቀፎ የሰቀለበት ሰው የለም?"

"የለም። እዚህ ማንም አይሰቅል።"

በሪሁን ቅጹ ላይ "ባለይዞታ" ከሚለው ፊት ለፊት "የለም" ብሎ ጻፈ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እሱ ግን ከሥሩ አልጠየቀም። "ለምን?" ብሎ ቢያክልበት ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራሁ። ቅጹ "ለምን" የሚል ቦታ የለውማ! በዚያ ላይ የደላንታ ሰው ነው። በእነሱ አገር ተዳፋት መሀል ደልዳላ ያገኘ ሰው ወይ ቤተ ክርስቲያን ይተክልበታል ወይ አውድማ ይጥልበታል፤ እግዜር ሲሠራው ለዚያው ብሎ ነው። የትምህርት ቤቱን ቦታ እዚያ ላይ አወጣ። ከትምህርት ቤቱ በታች ለአርባ አባወራ ቦታ ከፈለ።

ካርታውን በየካቲት ገለበጥኩት፣ ጸደቀ። በመጋቢት አርባው አባወራ ዕጣ አወጡ። ቡና ለቃሚ አለበት፣ አስተማሪ አለበት፣ ከሩቅ የመጣም የአገሬው ሰውም አለበት፤ ሐምሌ አንድ ቀን እንግዶች ባሉበት ገብተው ቤት መሥራት ይጀምራሉ ተባለ። በሚያዝያ የትምህርት ቤቱ ምሰሶና ግድግዳ ቆመ።

ዝናቡ ከጀመረ በኋላ በሪሁን ሥራውን ሊያይ ወጣ። ትምህርት ቤቱ መቼም ተጠማዝዞ አይሠራምና በከተማዋ ውስጥ ቀጥ ያለ የችካል ረድፍ የነበረው እሱ ብቻ ነው። በሪሁን ከአንደኛው ጫፍ ቆሞ ረድፉን ሲያይ መሀሉ ጎበጠበት። መሣሪያውን ተክሎ ለካ። መሀል ላይ ያሉት ችካሎች ወደ ታች ስንዝር ተኩል ወርደዋል።

የመጀመሪያ ሐሳቡ ሰው ነቀላቸው የሚል ነበር። ማን ይነቅላል? ቦታውን የሚያውቀው፣ ደኑ እንዲነካ የማይፈልገው፣ አቤኔዘር ነዋ!

"ችካሉን ማነው የነቀለው?" አለው።

"ማንም። ራሱ ሄደ።"

በሪሁን ተሾፈብኝ አለ። ያ ትሑት ሰው፣ ለቢሮአችን ተላላኪ እንኳ ከወንበሩ የሚነሣው ሰው፣ ፖሊስ ኬላ ድረስ ሄዶ ከሰሰው። አቤኔዘር ታሠረ። በሪሁንን እንደ ወንድሜ ነው የማየው፤ ይህን ግን ዛሬም ይቅር አልልለትም። ፊቱንም እየተመለከትኩ ነግሬዋለሁ።

አዲስ ችካል አስመታ። እያንዳንዱ አናት ላይ ምስማር ቀጠቀጠበት፤ ሁለት ሚሊሻ ተራ በተራ እንዲጠብቁ አደረገ። ዝናቡ አሥራ ሁለት ቀን ሳያባራ ጣለ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ረድፉ እንደገና ጎበጠ። ሚሊሻዎቹ የሰው ዘር አላየንም ብለው ማሉ። በሪሁን ጎንበስ ብሎ የችካሎቹን ሥር አየ፤ በዙሪያቸው የበቀለው ሣር እንዳለ ነው፣ አልተነካም። የትምህርት ቤቱን በር ሊዘጋ ሄደ፤ ባለፈው ሳምንት ግጥም ብሎ ይዘጋ የነበረው በር ከመቃኑ አልገጥም አለ። ከጀርባው ግድግዳ ሥር ምንጭ ያልነበረበት ቦታ የደፈረሰ ውሃ ይወጣል።

ያኔ ነው ቀና ብሎ ዛፎቹን ያያቸው። አምስት ወር ሙሉ ቀፎ ሲፈልግባቸው ግንዳቸውን ልብ ብሎ አላየም ነበር። ሁሉም ከሥራቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ጎብጠው ነው ወደ ላይ የቀኑት፤ ቁልቁለት ላይ ሸክም ይዞ እንደሚንገዳገድ ሰው። ከደልዳላው በላይ ቁጥቋጦውን እየገለጠ ወጣ። መሬቱ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ተሰንጥቋል። እጁን ቢያስገባ እስከ ክርኑ ገባ፤ ከውስጥ ቀዝቃዛ አየር ይወጣል።  ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ ከታች የቆመውን ትምህርት ቤትና የአርባውን ቤት ችካል ሲያይ ቆየ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ኬላው ሄዶ ክሱን አነሣ። አቤኔዘር ከታሠረ አሥራ ዘጠኝ ቀኑ ነበር።

"ለምን አልነገርከኝም?" አለው በሪሁን።

"የማን ነው አልከኝ። የማንም አልኩ። አንተ ጻፍክ፣ ሄድክ" አለ አቤኔዘር። አልተቆጣም። "ይሄ መሬት ይሄዳል። አባቴ ትንሽ ልጅ እያለ ሄደ። ዛፉም ቀፎውም ሰውም ታች ወረደ። ከዚያ በኋላ እኛ አንሰቅልም።"

ጉብታው ቀፎ ያጣው ባለቤት ስለሌለው አልነበረም። በሪሁን በከተማው ሙሉ ከቀፎ ሲሸሽ ቆይቶ፣ ቀፎ ሰቃዮቹ ራሳቸው የሸሹት ቦታ ላይ ትምህርት ቤት ተከለ።

በሦስተኛው ቀን ጋምቤላ ደረሰ። ልብሱን እንኳ ሳይቀይር አራት ገጽ ሪፖርት ጽፎ ለኃላፊያችን ለአቶ ሩፋኤል ሰጠ። አቶ ሩፋኤል መጥፎ ሰው አልነበሩም፤ ፈሪ ናቸው። ፈሪ ሹም ደግሞ ከመጥፎው ይብሳል፤ መጥፎውስ ቢያንስ ይታወቃል። በሩ ክፍት ስለነበር ንግግራቸውን ሰማሁ።

"ኮረብታ ሲሄድ ያየ ማነው፣ በሪሁን?"

"እኔ አይቻለሁ፣ ጌታዬ። ለክቼዋለሁ። ክረምቱ ሲበረታ ደልዳላው እንዳለ ይወርዳል።"

"አርባ አባወራ ዕጣ አውጥቷል። እንግዶች ተጠርተዋል። ከተማውን ራስህ ነድፈህ ራስህ ልታፈርሰው ነው? ችካል ሲንሻፈፍ ችካል ይቀየራል" አሉት። የመሳቢያቸው ድምፅ ተሰማኝ፤ ሪፖርቱ ገባ። ሐምሌ አንድ ሊደርስ ሃያ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት፣ ቢሮው ጭር ባለበት፣ በሪሁን የደቡቡን ጉብታ ካርታ ይዞ ጠረጴዛዬ ላይ አነጠፈው።

"ቀፎ ሣዪልኝ" አለ።

"እዚያ ቀፎ አለ እንዴ?"

"የለም።"

ብዕሬን አስቀመጥኩ። ለእውነት ያልሰሙት አቶ ሩፋኤል ለቀፎ እንደሚሰሙ አስልቶ ነው የመጣው። ቀፎ በካርታ ላይ ካለ ባለቤት አለ፤ ባለቤት ካለ መመሪያው አለ፤ መመሪያው ካለ ሥራው ይቆማል፤ ሥራው ከቆመ ክረምቱ ያልፋል። ገባኝ። ቢሆንም እንቢ አልኩ። የሌለ ነገር ነድፌ አላውቅም አልኩት።

"ዛፍ ስትተክዪ ከረምሽ አይደለም?" አለ፤ ፈገግ ሊል ሞክሮ አልሆነለትም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አርባ አባወራ ነው፣ ሽታዬ። እንደገና ገመድ ላስቀጥልላቸው?" አለኝ።

 ፎጣዬን አጥፌ ክንዴ ሥር አደረግኩ።

"ስንት ይሁን?"

"አሥር ይሁን፣ አሥራ አምስት። አንቺ እንደመሰለሽ። ብቻ እውነት ይምሰል።"

ነደፍኩ። በመሥመር አላደረግኳቸውም፤ ሰው ዛፍ እየመረጠ እንደሚሰቅለው እዚህ ሁለት፣ እዚያ ሦስት አድርጌ በተንኳቸው። እውነቱን ልናገርና ሥራው ደስ አለኝ። አሥራ ስድስት ላይ ጨርሼ ብዕሬን ጠረግኩ። ከዚያ ከካርታው በታች በስተቀኝ፣ ደልዳላው አልቆ ገደሉ በሚጀምርበት በኩል፣ ባዶ ጥግ ታየኝ። አሥራ ሰባተኛዋን ክብ እዚያ ጣልኳት። ካርታው አማረ።

በሪሁን ከካርታው ጋር "በቅየሳው ጊዜ በስህተት የታለፉ ቀፎዎች" የሚል ደብዳቤ አያይዞ አስገባ። አቶ ሩፋኤል አራቱን ገጽ ያላነበቡ ሰው ይህችን ግማሽ ገጽ ቆመው አነበቧት። ፊታቸው አመድ መሰለ። ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ካርታውን ይዞ ሄዶ ቀፎዎቹን እንዲቆጥር ወዲያው ታዘዘ። በሪሁን የካርታውን ቅጂ በጉያው አድርጎ ኮሚቴውን ቀደመ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረኝ በሐምሌ ሲመለስ ነው። አቤኔዘር ቤት ሄዶ፣ ያሳሰረውን ሰው፣ ቀፎ ስቀልልኝ ብሎ ለመነው።  አቤኔዘር "ትምህርት ቤቱ የኔም ልጆች ይገቡበታል" ብሎ ተነሣ። ወንድሞቹ ከሌሎቹ ጉብታዎች ባዶ ቀፎ ተሸክመው አመጡለት፤ ዛፎቹ ላይ ግን አንወጣም አሉ። አባቶች የተዉትን ዛፍ እኛ አንነካም አሉ። ስለዚህ ብቻውን ወጣ። አራት ቀን፣ በዝናብ፣ በሚያዳልጥ ግንድ። በሪሁን ካርታውን ዘርግቶ ከታች ዛፉን ያሳየዋል፤ እሱ ይወጣል፣ ያስራል፣ ይወርዳል። አሥራ ስድስት ሆነ።

አሥራ ሰባተኛው ዛፍ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ግማሽ ሥሩ አፈር ለቆ አየር ላይ ተንጠልጥሏል።

"ይሄ ይቅር" አለው በሪሁን።

"ወረቀት ላይ አለ?"

"አለ። ግን ይቅር።"

"ወረቀት ላይ ካለ ይቆጥራሉ። አንድ ከጎደለ ሁሉ ውሸት ነው ይላሉ።" አቤኔዘር ሐረጉን ወገቡ ላይ እያሰረ ነበር። "አንተ የኔን ቃል አላመንክም፤ ወረቀት ነው ያመንክ። እነሱም እንደዚያ ናቸው።"

በሪሁን ልይዘው ነበር ብሎኛል። አልያዘውም። አቤኔዘር ወጣ፤ ቀፎውን አሰረ፤ ገመዱን ሁለት ጊዜ ስቦ መጥበቁን አየ። ነፋስ አልነበረም፣ ዝናቡም አባርቶ ነበር። ዛፉ አልተሰበረም፣ አልጮኸም። ከነሥሩ፣ ቀስ ብሎ፣ ቆሞ እንደሚሄድ ሰው ከአፋፉ ወደ ታች ሄደ። አቤኔዘርም ከላይ እንዳለ አብሮ ሄደ።

ወንድሞቹ ወደ ገደሉ ወርደው አገኙት። ሬሳውን ሽቅብ ማውጣት ስላልተቻለ እዚያው ዛፉ አጠገብ ቀበሩት። ኮሚቴው የደረሰው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። አሥራ ስድስቱን ቀፎ አንገታቸውን እያቀኑ ቆጠሩ፤ አሥራ ሰባተኛውን ገደል ውስጥ፣ ከወደቀው ዛፍ ጋር እንደታሰረ፣ ከአዲሱ መቃብር አጠገብ አዩት። ቃለ ጉባኤያቸውን አንብቤዋለሁ። "ከካርታው ጋር ተመሳክሮ አሥራ ሰባቱም ትክክል ሆኖ ተገኝቷል" ይላል። ከሟች ቤተሰብና ከሽማግሌዎች ጋር ስምምነት እስኪደረስ ሥራው እንዲቆም ታዘዘ። የሐምሌ አንዱ በዓል ቀረ።

አርባው አባወራ በሪሁንን ሰድበው ለሰዳቢ ሰጡት። ለማር ብሎ ቤት ነሣን አሉ። አንዲት ሴት መንገድ ላይ አስቁማ ልጆቼን ዝናብ ላይ ጣልካቸው ብላ አለቀሰችበት፤ እሱም ቆሞ ሰማት።

ነሐሴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ደልዳላው ሄደ። ከማዶ ያዩት ሰዎች ትምህርት ቤቱ ቆሞ እንዳለ ትንሽ መንገድ ሄዶ ከዚያ እንደተደፋ ተናገሩ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው መሬትም ላይ ይሠራል ለካ። የአርባው ቤት ቦታ ትምህርት ቤቱን ተከትሎ ወረደ፤ ገደሉ እስከ አፉ በአፈርና በግንድ ሞላ። ሰው አልነበረበትም። አንድ ሰው እንኳ አልነበረበትም። ያቺ መንገድ ላይ ያለቀሰችው ሴት እግዜር አተረፈን ብላ ጧፍ አበራች አሉ። አቤኔዘርን ያነሣ ሰው ስለመኖሩ አልሰማሁም።

ከተማው ቀረ። አቶ ሩፋኤል ወደ ሌላ ቢሮ ተዛወሩ፤ አራቱ ገጽ መሳቢያው ውስጥ ሳይሆን አይቀርም እስከ ዛሬ። በሪሁን ሥራውን ለቆ መቲ ገባ። መሣሪያ አልነካም አለ። የአቤኔዘርን ቀፎዎች ከልጆቹ ጋር እየጠበቀ ይኖራል፤ በየዓመቱ በኅዳር፣ በሾፌሩ በሸሪፍ አይሱዙ፣ አንድ ጀሪካን ማር ይልክልኛል። ሸሪፍ ጀሪካኑን እያወረደ "እትዬ ሽታዬ፣ ዘንድሮ ደግሞ ነጭ ነው" ይለኛል። ወስጄ ለጎረቤት አድላለሁ። እኔ ቀምሼው አላውቅም።

ሊሰናበተኝ የመጣ ቀን አንድ ነገር ጠየቀኝ። ካርታውን ጠረጴዛዬ ላይ እያየ፣ ጣቱን ያቺ ጥግ ላይ አድርጎ፣ "ይህችን ዛፍ ምን ብለሽ መረጥሻት?" አለኝ። ነቀፋ አልነበረበትም። አንድ ነገር አስቤ ያደረግኩት ነበር የመሰለው።

"እውነት እንዲመስል ብዬ ነው" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ፤ ተቀበለኝ። ጥጉ ባዶ ስለሆነብኝ ነው አላልኩትም። አሥራ ስድስት ይበቃ ነበር። አሥርም ይበቃ ነበር፤ ራሱ ነግሮኛል።

ካርታው አሁን እኔ ጋ ነው፤ ጡረታ ስወጣ ጠቅልዬ ይዤው መጣሁ። ሌላው ካርታ ሁሉ ከናዳው በኋላ ስለተቀየረ ገደሉም መቃብሩም በየትኛውም ላይ የሉም። ልጆቹ አባታቸው የት እንደተኛ ቢጠይቁ ከዚህ ወረቀት በቀር የሚያሳያቸው የለም፤ በስተቀኝ ከታች፣ ጥጉ ላይ፣ የሌለ ቀፎ ምልክት ነው። ብዙ ጊዜ ምላጭ አንሥቼ ፊቱ ተቀምጫለሁ። ያቺን ክብ አልፋቅኳትም።